«ጓድ» እና «ዜጋ»

ፌርፋክስ አቬኑ ሎስ አንጀለስን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያቋርጥ ረጅም ጎዳና ነው። ከፒኮ ቡሌቫርድ አልፎ ኦሊምፒክ እስኪደርስ ያለችውን አጭር ቁራጭ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት፤ መሶብ፣ መርካቶና ራሔል የሚባሉት ምግብ ቤቶች የተኮለኮሉባት፣ የቡናና የበርበሬ ሽታ ከበር የሚቀበልባት ሰፈር ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወደ ሰሜን ለሚነዳ ሰው በዊልሸር ጥግ በ2021 የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ይታየዋል። በሦስተኛው ጎዳና የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ በቤቨርሊ ጥግ ደግሞ ከ1952 ጀምሮ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲመረትበት የኖረው «ቴሌቪዥን ሲቲ» አለ። ጎዳናው ከሊትል ኢትዮጵያ ሁለት ማይል ያህል እንደ ሄደ ዌስት ሆሊውድ ይገባል። ይህች ከተማ በ1984 ራሷን ችላ ስትቋቋም፣ ከመጀመሪያው ምክር ቤቷ አምስት አባላት ሦስቱ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውን በግልጽ የተናገሩ ነበሩ።

ሁለት የአዲስ አበባ ወዳጆች ከምሳ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሊትል ኢትዮጵያ ቢያልፉ፣ በየደጁ የተቀመጡት አባቶች ቀና ብለውም አያዩአቸው። ጓደኝነት ነው፤ ፒያሳም ጎንደርም እንዲሁ ይኬዳል። ያንኑ እጅ ሳይላቀቁ ሳንታ ሞኒካ ቡሌቫርድ ቢደርሱ ግን አላፊ አግዳሚው ሌላ ነገር ያነብበታል። እጁም ጎዳናውም አልተለወጠም።

አማርኛ ለመጀመሪያው ንባብ ቃል አያጣም፤ ጓደኛ፣ ባልንጀራ፣ አብሮ አደግ፣ የልብ ወዳጅ ይላል። ለሁለተኛው በአደባባይ የሚነገረው ቃል ግን አንድ ብቻ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም፤ «ግብረ ሰዶም»። ይህ ቃል ስያሜ ከመሆኑ በፊት ፍርድ ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት የከተማዋን ስም ይዞ ሲነሣ ፍጻሜዋንም አብሮ ይጠራል። የወንጀል ሕጉም የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። በ2004 የወጣው ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱትን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መሰል ስፍራዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ሰባኪው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዜና አንባቢውና የቲክቶክ ተሳዳቢው ሁሉ የተገናኙት በዚህ አንድ ቃል ነበር። የጤናና የምርምር ጽሑፎች «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚል ሐረግ አምጥተዋል፤ ይህ ጽሑፍም የተጠቀመው በእሱ ነው። ሐረጉ ከስድብ የጸዳ ቢሆንም የቅጽ ቋንቋ ነው። ልጅ ለእናቱ፣ ሽንኩርት በሚከተፍበት ማጀት፣ በዚህ ሐረግ ምሥጢሩን ሊነግራት አይችልም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የጠበበ አልነበረም። አሜሪካዊው የሰብአ ጥናት ባለሙያ ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ለፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የደጋውን አማራ አኗኗር ሲዘረዝር፣ ገበሬዎቹ በአለባበስና በአመል ወደ ሴት ላደላ ወንድ የራሱ መጠሪያ እንደነበራቸው መዝግቧል። ቃሉን በላቲን ፊደል ሲገለብጥ አጣሞታል፤ የሰማው «ወንዳገረድ» እንደሆነ መገመት ግን አያዳግትም። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሴቶች እንደ ወንድም ያቀርቧቸዋል፤ ባሎችም በዚህ ወዳጅነት አይቀኑም። አገሬው የእግዚአብሔር ስሕተት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ድሮ ነጻነት ነበር» ማለት የዋህነት ነው። የእግዚአብሔር ስሕተት መባል የሚያስመኝ ማዕረግ አይደለም፤ ጽሑፉም በዋናነት የሚናገረው ስለ ባሕርይና ስለ ሥራ ድርሻ እንጂ ስለ ፍቅር አይደለም። ቢሆንም ሰውየው በመንደሩ ውስጥ ስምና ቦታ ነበረው፤ ሲነሣ የሚታሰበው ጎረቤት እንጂ ወንጀለኛ አልነበረም። ዛሬ በአፍ የቀሩት «ሴታ ሴት» እና «ወንዳ ወንድ» ናቸው። የመጀመሪያው ንጹሕ ስድብ ነው፤ ሁለተኛው ግን አንዳንዴ ምርቃት ይመስላል። የዚህ አለመመጣጠን ጉዳይ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከመንደር ወደ ብራና ሲታለፍ፣ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ አለ። ወለተ ጴጥሮስ ከ1592 እስከ 1642 የኖረች፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ እንቢ ብላ ባሏን ትታ የመነነች ቅድስት ናት። እሷና እኅተ ክርስቶስ የተባለችው መነኩሲት ገና በሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው እንዳደረ፣ ሞት እስኪለያቸውም አብረው እንደኖሩ ገድሉ ይተርካል። ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር በ2015 ገድሉን በእንግሊዝኛ ካሳተሙ በኋላ ቤልቸር በተከታዩ ዓመት ባወጣችው ጽሑፍ፣ ይህን ወዳጅነትም ሆነ መነኮሳይያት በፍትወት ሲፈላለጉ ያሳያል ያለችውን ሌላ ክፍል ከተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አንጻር አነበበችው። ይርጋ ገላውን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ደግሞ ትርጉሙ የተዛባና ከቅኝ ገዥ ዓይን ያልተላቀቀ ነው ሲሉ በብርቱ ተቃወሙ።

ለድንግልና የተሳለችን መነኩሲት በዘመናችን የማንነት ሣጥን ማስገባት ለገድሉ ታማኝነት እንደማይሆን ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። በሌላ በኩል፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ የሁለት ሴቶችን የዕድሜ ልክ ፍቅር ያለ አንዳች ሐፍረት የገድሉ ምሰሶ አድርጎ ማቆሙን የትኛውም የትርጉም እርማት አያነሣውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ክርክሩ ትቶት የሄደው ጥርጣሬ ነው። ከእንግዲህ ስለ እኅተ ክርስቶስ በአድናቆት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ የየትኛው ወገን ነህ መባልን ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። አንድ ሌላ ቃል፣ ማለትም «ፍቅር»፣ ትንሽ ጠበበ።

በአዲስ አበባ ጓዳ ግን አዲስ ቃል ተወልዷል። ከከተማዋ የወጡ ጥናቶችና ዘገባዎች እንደሚመሰክሩት፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። «እሱ እኮ ዜጋ ነው» ተብሎ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጮክ ተብሎ ቢነገር ረዳቱም ዞር ብሎ አያይም። ሰሙ ሕገ መንግሥት፣ ወርቁ ምሥጢር ነው። ቃሉ ራሱ ከዚያ በፊትም ታሪክ አለው። ሀብታሙ መንግሥቴ በ2004 ስለ ምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ «ዜጋ» በዚያ ዘመን በሚያርሰው መሬት ላይ የራሱ መብት ሳይኖረው በጌታ ሥር ያደረ ሰው መጠሪያ ነበር። መብት ያጣ ሰው ስም በኋላ የባለመብት ስም ሆነ፤ ቀጥሎም መብቱ የማይነገርለት ሰው በምሥጢር ወሰደው።

ሌላ ቋንቋም ይህንኑ አድርጓል። በቻይንኛ «ቶንግዢ» ማለት «ጓድ» ማለት ነው፤ የደርግን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ በምን ድምፅ እንደሚነገር ያውቀዋል። ለአሥርት ዓመታት የፓርቲ አባላት የተጠራሩበት ይህ ቃል፣ በ1989 በሆንግ ኮንግ ኤድዋርድ ላም የተባለ የቲያትር ሰው ለአንድ የፊልም ፌስቲቫል ስያሜ ከተጠቀመበት ወዲህ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጠሪያ ሆኖ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። በ2012 የታረመው ታላቁ የዘመናዊ ቻይንኛ መዝገበ ቃላት ይህን ፍች ሳያካትት ሲወጣ፣ ከአዘጋጆቹ አንዷ አጠቃቀሙን እንደሚያውቁት፣ ነገር ግን ለማስፋፋት እንደማይፈልጉ በቴሌቪዥን ተናገሩ። መዝገበ ቃላቱ የተወው ሕዝቡ ቀድሞ ስላወቀው ነበር። «ቶንግዢ» ከጓዳ ወጥቷል፤ «ዜጋ» ግን አልወጣም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

«የቻይና መንግሥት ይበልጥ ለዘብተኛ ስለሆነ» የሚለው መልስ ከፊሉን ብቻ ያስረዳል። ቻይና በ1997 የወንጀል ሕጓን ስታሻሽል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚከሰሱበትን «የዱርዬነት» አንቀጽ አስወግዳለች፤ በ2001 ደግሞ ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር አውጥታዋለች። በሥነ ጽሑፍ ላይ ግን ክንዷ አልላላም። በ2018 በአንሁዊ ግዛት የሚገኝ ፍርድ ቤት በወንዶች መካከል ያለ ወሲብን የሚተርክ ልብ ወለድ ጽፋ 7,000 ያህል ቅጂ የሸጠችን ደራሲ በ10 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ቀጥቷል።

ልዩነቱ የተረትና የገበያ ነው። ቻይንኛ ለጉዳዩ ያልተሰደበ ጥንታዊ ቃል ወርሷል። የሃን ንጉሠ ነገሥት አይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻዎቹ ዓመታት የነገሠው፣ ዶንግ ሢየን የተባለው ወዳጁ በእጅጌው ላይ ተኝቶ ሳለ መነሣት ቢኖርበት፣ እንዳይቀሰቅሰው እጅጌውን ቆረጠ ይባላል። «የተቆረጠ እጅጌ» ከዚያ ጀምሮ የዚህ ፍቅር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ታሪኩ ለዶንግ ሢየን ደግ አልነበረም፤ ንጉሡ እንደ ሞተ እሱም ራሱን አጠፋ። ሐረጉ ግን ለሁለት ሺሕ ዓመታት አንድ ሰው የዚህን ፍቅር ርኅራኄ ብቻ ይዞ እንዲናገር አስችሏል። እንቅልፍ ላለመቀስቀስ ልብስ መቁረጥ፦ ይህን ማንም እናት ትረዳዋለች።

በዚህ ላይ ፊልም መጣ። የቼን ካይገ «ፌርዌል ማይ ኮንኩባይን» በ1993 የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ከ«ዘ ፒያኖ» ጋር ተጋራ። ፊልሙ በፔኪንግ ኦፔራ የሴት ሚና እንዲጫወት ከልጅነቱ የተቀጠቀጠ ወንድ ለመድረክ ጓደኛው የያዘውን ፍቅር ይተርካል። በአገሩ ታገደ፣ ተቆረጠ፣ ከዚያ ተፈቀደ። (በኢትዮጵያም ሴት በመድረክ መታየቷ ነውር በነበረበት ዘመን የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ስለ እነሱ የተሠራ ፊልም ቢኖር ማየት በተገባ ነበር።) በ2016 «አዲክትድ» የተባለው የኢንተርኔት ድራማ ሳያልቅ ከገጾች ወረደ። በ2019 ግን ቴንሰንት «ዘ አንቴምድ»ን አወጣ። በመጽሐፉ ፍቅረኞች የነበሩት ሁለት ወንዶች በድራማው «የነፍስ ወዳጆች» ተባሉ፤ ተመልካቹ ግን መጽሐፉን አንብቦታልና ሰሙን እየሰማ ወርቁን አወጣ። በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ታየ፤ የሙዚቃ ዝግጅት ትኬትና ማስታወቂያም አብሮ ተሸጠ። ሳንሱሩ በምርቱ ላይ እንደ ተጣለ ቀረጥ ሠራ፤ ገበያው ሰፊ ነውና ቀረጡን ከፍሎም አተረፈ። በመስከረም 2021 የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቀረጡን ወደ እገዳ አስጠጋው፤ «ሴታ ሴት» የሚለውን የመንገድ ስድብ በይፋዊ መመሪያ ውስጥ ጽፎ እንዲህ ያለ ገጽታ ከስክሪን እንዲጠፋ አዘዘ። በዚያን ጊዜ ግን ቃላቱ ተሰራጭተው ነበር።

አማርኛ ይህ ሁሉ የለውም። ሰምና ወርቅ አለው፤ ስለዚህ የመደበቅ ጥበብ ጎድሎት አይደለም። የጎደለው ቀረጡን የሚከፍል ገበያ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያበበው የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው በግል ገንዘብ ተሠርቶ በጥቂት የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ወጪውን መመለስ ያለበት የፍቅርና የኮሜዲ ፊልም ነው። አንድ ፊልም ቢታገድ አዘጋጁ ቤቱን ይሸጣል። ያሬድ ዘለቀ በ2015 ለካን ያበቃው «ላምብ» ወጥ መሥራት የሚወድ ልጅ አጎቱን ምን ያህል እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። ፊልሙ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አይደለም፤ ነገር ግን የወንድነት አጥር የት እንደሚጀምር በምድጃ ዳር ያሳየ ፊልም ነው። በጎረቤት ኬንያ የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ»፣ የሁለት ወጣት ሴቶች ፍቅር ታሪክ፣ በ2018 ታገደ። ከዚያ ፍርድ ቤት ለኦስካር ውድድር የሚያስፈልገውን የሰባት ቀን እይታ ያሟላ ዘንድ እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሣለት፤ የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች ሞሉ። ሳምንቱ አለቀ፣ እገዳው ተመለሰ። ያች ሳምንት ግን ከየትኛውም የአስተያየት መጠይቅ የተሻለ የፍላጎት መለኪያ ነበረች።

ሳንሱር ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ፌርፋክስ መፍትሔ በሆነ ነበር። እዚህ አንቀጽ 629 የለም። የዓለም የፊልም ኢንዱስትሪ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ታዲያ በአማርኛ የሚናገር፣ «ዜጋ»ን የሚያውቅ ፊልም ከዚህ ሰፈር ለምን አልወጣም? ገንዘቡ ያለው እቁብ ውስጥ፣ አዳራሹ ያለው በማኅበር እጅ፣ ተመልካቹ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ሦስቱም ቦታ ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስደተኛውን ያለ ባንክ ብድር ሱቅ ያስከፈተው፣ ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር የሚልከው ይኸው መረብ ነው። አዳራሹን ለእንዲህ ያለ ፊልም የፈቀደ ባለ ምግብ ቤት በአንድ ምሽት አንድ ደንበኛ አያጣም፤ የሚያጣው የሠርግ፣ የተዝካርና የክርስትና ትእዛዞቹን ነው። ቲሙር ኩራን በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይቃወማል ብሎ የልቡን ሲደብቅ፣ ማንም አጥብቆ የማይፈልገው ዝምታ የሁሉ አቋም መስሎ ይጸናል። በዚህ ሰፈር ስንቱ በእምነት፣ ስንቱ በፍርሃት እንደሚዘም ከውጭ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በእምነት የሚዘምም ሰው መብቱ ነው፤ ችግሩ ሁለቱ ዝምታዎች አንድ መምሰላቸው ነው።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ስንት ነው? በሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካለው የዊልያምስ ተቋም ጋር የሠራችው ኢኮኖሚስት ሊ ባጄት በ2014 ለዓለም ባንክ ባዘጋጀችው ጥናት፣ በህንድ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ማግለል ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከ0.1 እስከ 1.7 በመቶ ሊያሳጣ እንደሚችል ገምታለች። ይህን ዓይነቱን አኃዝ የፖሊሲ ሰዎች ይወዱታል። ዋጋው በእውነት የሚከፈለው ግን ማንም በማይቆጥርበት ጠባብ ቦታ ነው።

ከነዚህ ቦታዎች አንዱ ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ ተስቲን በምትባል ከተማ የሚገኘው የጥገኝነት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። በ1990 የተሰጠና በ1994 ለሁሉም እንዲያገለግል የተደነገገ አንድ ውሳኔ፣ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱ የሚሰደድ ሰው በአሜሪካ ጥገኝነት ሊጠይቅ እንደሚችል አረጋግጧል። ጠያቂው ማንነቱን ማስረዳት አለበት፤ ዋናው ማስረጃው የገዛ አፉ ነው። ቃሉ እርስ በርሱ ከተጋጨ ተአማኒነቱን ያጣል። እንግሊዝኛ የማይችል ከሆነም አስተርጓሚ ይዞ መምጣት ያለበት ራሱ ነው። በኮሮና ጊዜ መንግሥት በስልክ ያቀርብ ነበር፤ ይህ በመስከረም 2023 አበቃ። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ የሚገኘው ደግሞ ከዚያው መረብ ነው፤ ከእቁቡ፣ ከማኅበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ። ስለዚህ ሰውየው ለአገር ቤት ያልተናገረውን፣ ለእናቱ ያልተናገረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው በሚፈራው ሰፈር ሰው ጆሮ ነው።

አስተርጓሚው ቅን ሰው ነው እንበል፤ ምሥጢር ይጠብቃል፣ ለእውነቱ ይጠነቀቃል። ቃሉ ግን ከየት ይመጣለታል? ጠያቂው ራሱን «ሰዶማዊ ነኝ» ብሎ ካልጠራ፣ «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለውን ሐረግ ደግሞ በሕይወቱ ሰምቶት ካላወቀ፣ የሚቀረው ወዳጆቹ የሚጠሩት ያ አንድ ቃል ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ዜጋ ነኝ» ይላል። አስተርጓሚው ይህን ፍች በመጽሐፍ አላነበበውም፣ በፊልም አላየውም፣ በዘፈን አልሰማውም። ቃል በቃል ይተረጉመዋል። ኦፊሰሯ ብዕሯን ታነሣና የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ ትጠይቀዋለች።